አሮጌ መጫወቻ ባቡር ካገኛችሁ ለማጠብ አትቸኩሉ

እኔን የምታውቁኝ በድስት ነው። በ17 አቬኑ ሳውዝ ኢስት ላይ ካለችው ምግብ ቤቴ ገብቶ ስለ ሽሮ ያልጠየቀኝ ሰው ጥቂት ነው፤ ስለ መጫወቻ ባቡር የጠየቀኝ ግን አንድም የለም። ብጠየቅም መልስ አልነበረኝም። ባለፈው ዓመት በዚሁ የድስት ማጠቢያዬ ላይ አንድ ጥፋት ሠራሁ፤ ጥፋቴን ላስተካክል ስል ደግሞ ብዙ ነገር ተማርኩ። ብዙዎቻችሁ ሙቀቱ ሲመጣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጋራዥ ሴል ስለምትዞሩ፣ ልጆቻችሁም ከዚያ የማይሸከሙት ነገር ስለሌለ፣ ይጠቅማችኋል ብዬ ነው ይህን የጻፍኩት። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቤታችን ሁለት ቤት አለፍ ብሎ አንዲት አሮጊት ካናዳዊት ይኖሩ ነበር። እኛ እርስ በርሳችን "እማማ" ነው የምንላቸው። በረዶ ሲጥል ልጆቼ በራቸውን ይጠርጉላቸዋል፣ እሳቸው ደግሞ ለገና ብስኩት ጋግረው በቆርቆሮ ሣጥን ይልኩልናል። በሴፕቴምበር ቤታቸውን ሸጠው ወደ አረጋውያን መኖሪያ ሊገቡ ሲሉ፣ ዕቃቸውን ጋራዣቸው ውስጥ ዘርግተው መሸጥ ጀመሩ። የ11 ዓመቷ የመጨረሻ ልጄ ካጠራቀመችው ላይ 15 ዶላር ከፍላ አንድ ካርቶን አቅፋ መጣች። ውስጡ ጥቁር፣ እንደ ጡብ የሚከብድ የብረት ሎኮሞቲቭ፣ ከኋላው የድንጋይ ከሰል የሚጫንበት ቴንደር የሚባለው ጋሪ፣ ሦስት ፉርጎዎችና በላስቲክ የታሰረ ሐዲድ አለ። ሎኮሞቲቭ የምንለው፣ ለልጆች ልንገራቸውና፣ ሌሎቹን የሚጎትተው የባቡሩ ራስ ነው።

የቆየ ዘይትና አቧራ ተጋግሮበታል። እኔ ደግሞ ቆሻሻ ዕቃ አይቼ ማለፍ አልችልም፤ ለ20 ዓመት የጤና ተቆጣጣሪ መቼ ይመጣ ይሆን እያልኩ የኖርኩ ሰው ነኝ። ልጄን ላስደስታት ብዬ፣ ትምህርት ቤት ሳለች ወደ ምግብ ቤቱ ወሰድኩትና በሙቅ ውሃ፣ በሳሙናና በድስት መፈተጊያ ሽቦ ፈተግኩት። አብረቀረቀ! ማታ አምጥቼ ሰጠኋት። አገላብጣ አየችውና፣

"አባዬ፣ ቁጥሩስ?" አለችኝ።

በሾፌሩ ክፍል መስኮት ሥር፣ በሁለቱም ጎን፣ ባለ 4 አሃዝ ነጭ ቁጥር ነበረ። በአንዱ ጎን ጭራሽ የለም። በሌላው ጎን የቀረው 203 ብቻ ነው፤ የመጨረሻዋ አሃዝ ከሳሙናው ጋር ሄዳለች። ስትገዛው ስንት እንደነበር አንብባው ይሆን ብዬ ጠየቅኳት፤ አላነበበችውም። ዕንባዋ መጣ። እኔም ምን እንደምል ጠፋኝ።

ቴንደሩ ጎን ላይ "ላዮኔል ላይንስ" የሚል ጽሑፍ ስለነበረ፣ ያን ማታ ላዮኔልና 203 ብለን ኢንተርኔት ላይ መፈለግ ጀመርን። አንድ ፎቶ የሌለው የዋጋ ዝርዝር አገኘሁ። 2037 ይላል፣ ከቁጥሩ ቀጥሎ ሰረዝና 500 የሚል አለበት፤ እሱን ከቁምነገር አልቆጠርኩትም። ሙሉ ስብስቡ የተተመነው በሺዎች በሚቆጠር ዶላር ነው። እራት ላይ ነገሩን አወጣሁት።

ባለቤቴ እንጀራውን እየዘረጋች፣ "ሴትዮዋ ሳያውቁ ነው የሸጡት። መልሱላቸው" አለች።

"ገበያ ገበያ ነው፤ ማንም አላታለላቸው" አልኩ።

ልጄ ደግሞ፣ "የኔ ነው፣ በገንዘቤ ነው የገዛሁት፤ አባዬም አይሸጠውም፣ እማማም አይወስዱትም" ብላ አረፈችው። እውነቱን ልናገርና፣ በዚያ ወር የምግብ ቤቱ ትልቁ ማቀዝቀዣ ተበላሽቶብኝ ነበር። ገና ምን እንደሆነ ያላወቅነውን ዕቃ በሐሳቤ ሸጬ ማቀዝቀዣ ገዝቼበታለሁ። በመጨረሻ የተስማማነው በአንድ ነገር ነው፤ መጀመሪያ ምንነቱን እንወቅ፣ ከዚያ እንነጋገራለን።

ብርዱን ሙሉ ልጄ ከላይብረሪ መጽሐፍ እያመጣች አነበበች፤ እኔም ደንበኛ ሲጠፋ እሰማታለሁ። ላዮኔልን ያቋቋመው ጆሹዋ ላዮኔል ካወን የተባለ የኒው ዮርክ ሰው ነው፣ በ1900። የመጀመሪያ የኤሌክትሪክ ባቡሩን የሠራው ለልጆች አልነበረም፤ የሱቅ መስኮት ውስጥ እየዞረ የሰው ዓይን እንዲስብ ነበር። ሰው ግን የሚሸጠውን ዕቃ ትቶ ባቡሩን ልግዛ አለ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ በ1942 መጫወቻ መሥራት ተከለከለ፤ ፋብሪካው ለባሕር ኃይል ኮምፓስና የመሳሰለውን መሥራት ያዘ። ያም ሆኖ በ1943 ገና ልጆች ባዶ እጃቸውን እንዳይቀሩ ብሎ ከካርቶን ወረቀት የሚገጣጠም ባቡር አወጣ። ለመገጣጠም የሚያስለቅስ ነበር አሉ፤ ዛሬ ሙሉውን ያገኘ ሰው ግን ዕድለኛ ነው።

ኤፕሪል ላይ በካልጋሪ ሱፐርትሬይን የሚባለው ትልቅ የሞዴል ባቡር ትርዒት ተከፈተ። ኖርዝ ኢስት ባለው ጀነሲስ ሴንተር ነው ያየነው፤ ብዙዎቻችን ልጆቻችንን ዋናና ቅርጫት ኳስ የምንወስድበት ቦታ። ልጄ ሎኮሞቲቩን በፎጣ ጠቅልላ በትምህርት ቤት ቦርሳዋ ይዛዋለች። ከአንድ ጠረጴዛ ኋላ አሮጌ ላዮኔሎች ደርድረው የተቀመጡ ሽማግሌ አገኘን። ፎጣውን ስንፈታው ቁጥሩ የነበረበትን ቦታ አዩና ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ምንም አላሉም። እኔ ግን ገባኝ።

ከዚያ ለልጄ፣ "ቁጥር ባይኖር ችግር የለም፤ ቁጥር ይፋቃል፣ የውሸትም ይጻፋል። ዕቃውን ራሱን እንጠይቀዋለን" አሏትና ማስመሪያ አውጥተው ሰጧት።

መጀመሪያ ያስለኳት የሐዲዱን ስፋት ነው። በሁለቱ ዳር ሐዲዶች መካከል ያለው 32 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ በመሃል ደግሞ ሦስተኛ ሐዲድ አለ። 32 ሚሊ ሜትርና ሦስት ሐዲድ ከሆነ "ኦ" የሚባለው መጠን ነው፤ ኤሌክትሪኩ የሚመጣው በመሃለኛው ነው። 22 ሚሊ ሜትር ተኩልና ሁለት ሐዲድ ቢሆን ኖሮ ከ1946 ወዲህ የተሠራ አሜሪካን ፍላየር ይሆን ነበር። 16 ተኩል ከሆነ ኤች ኦ ነው፣ ዛሬ በየሱቁ የሚበዛው። የትምህርት ቤት ማስመሪያ ያለው ልጅ ሁሉ ይህን ማድረግ ይችላል።

ቀጥሎ ጎማ ቆጠራ። ባቡር የሚያውቅ ሰው ሎኮሞቲቭን የሚጠራው በጎማው ነው፤ ከፊት ያሉት ትናንሾች፣ በመሃል የሚገፉት ትልልቆች፣ ከኋላ ያሉት ትናንሾች። ልጄ በአንድ ጎን 1፣ 3፣ 2 ቆጠረች። ሁለቱን ጎን ስትደምሩት 2-6-4 ይሆናል። ሽማግሌው፣ "እንግዲህ 2034 ወጣልን፤ እሱ 2-4-2 ነው" አሉ። 2031፣ 2032ና 2033 ደግሞ የናፍጣ ባቡር መልክ ያላቸው ስለሆኑ ከመጀመሪያውም አይገቡም።

ሦስተኛው የወረቀት ማያያዣ ሽቦ ነው። ወደ ትልልቆቹ ጎማዎች ሲያስጠጉት ጥብቅ ብሎ ተለጠፈ። ላዮኔል ባቡሩ ሐዲዱን ቆንጥጦ ዳገት እንዲወጣ ብሎ ከ1950 ገደማ ጀምሮ በጎማዎቹ ላይ ማግኔት ማስገባት ጀምሯል። በ1952 ግን ማግኔት የሌላቸው ወጡ። ለምን መሰላችሁ? ማግኔቱ የሚሠራባቸው ኒኬልና ኮባልት ለኮሪያ ጦርነት ስለተፈለጉ ነው። የኛ ቃኘው ሻለቃ የዘመተበት ጦርነት! ይህን ስሰማ ሳቅኩ። ምግብ ቤቴ ግድግዳ ላይ የቃኘው ዘማቾች ፎቶ ሰቅያለሁ፤ የዚያ ጦርነት ወሬ እዚህ አንድ የልጅ መጫወቻ ጎማ ውስጥ ይገኛል ብዬ መቼ አስቤ።

አራተኛ ጭስ። የጭስ ማውጫው ውስጥ በትንሽ ባትሪ መብራት አዩ፤ ማሞቂያ አለው። ድሮ ትንሽ ነጭ ክኒን ይጣልበት ነበር፤ ሲሞቅ ይጨሳል። 2036 ደግሞ አይጨስም፤ እሱም ወጣ። የቀሩት 2035ና 2037 ናቸው፤ ሁለቱም 2-6-4፣ ሁለቱም ማግኔት ያላቸው፣ ሁለቱም የሚጨሱ። እዚህ ላይ ሽማግሌው ጣታቸውን በእንፋሎቱ በርሜል ላይ፣ ከሾፌሩ ክፍል ፊት ለፊት ባለው በኩል አሳለፉ። 2035 እዚያ ጋ ትከሻው እንደ ሣጥን ቀጥ ይላል አሉ። የኛ ክብ ነው።

"2037" አለች ልጄ፣ ከሳቸው ቀድማ።

ልቤ ዘለለ። አልደብቃችሁም፣ ማቀዝቀዣው ትዝ አለኝ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ስንት እንደሚያወጣ ጠየቅኩ፤ ያየሁትንም የዋጋ ዝርዝር ነገርኳቸው። ሰውዬው እስኪያስላቸው ሳቁ። ያ ሰረዝ 500 ያልኳችሁ፣ ያለፍኩት፣ ለካ ዋናው ነገር እሱ ነው። በ1957 ላዮኔል ለሴት ልጆች ብሎ አንድ ስብስብ አወጣ፤ ሎኮሞቲቩ ሮዝ፣ ፉርጎዎቹ ቢጫና ውሃ ሰማያዊና ሌላም ፈዘዝ ያለ ቀለም። ልጆቹ ግን አልወደዱትም፤ የፈለጉት እውነተኛውን የሚመስል ባቡር ነበር። ስላልተሸጠ ጥቂት ቀረ፣ ጥቂት ስለቀረ ዛሬ ተወደደ። ቅርጹ ከጥቁሩ 2037 ጋር አንድ ስለሆነ ጥቁሩን ሮዝ ቀብተው የሚሸጡ አጭበርባሪዎችም አሉ፤ ላዮኔል ራሱም ኋላ በድጋሚ ሠርቶታል። ስለዚህ ሮዝ ካገኛችሁ አትደንግጡ፣ ወዲያውም አትክፈሉ።

"የናንተ ጥቁሩ ነው። ከ1953 ጀምሮ እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ብዙ ተሠርቷል። አንድ ቤተሰብ አንተ ጋ መጥቶ ምሳ የሚበላበትን ያህል ያወጣል" አሉኝ። ቁጥሩን እንደገና አዩና፣ "አሁን ደግሞ ያለ መጠጡ" አሉ።

ልጄ ግን፣ "ባቡር ሮዝ አይሆንማ!" ብላ በፎጣ መጠቅለል ጀመረች። ዋጋው ምንም አልመሰላት። ሽማግሌው ቴንደሩን ሲገለብጡት ሥሩ ላይ በምስማር የተጫረ የእንግሊዝኛ "ዲ" ፊደል አሳዩዋት። ልጆች የኔ ነው ለማለት እንዲህ ይጭሩ ነበር አሏት፤ ያም ዋጋ ይቀንሳል። የጠፋችውን አሃዝ አስመስሎ የሚለጠፍ ቁጥር አለኝ ቢሏት እምቢ አለች። 203 ሆኖ ይቅር አለች።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ የጠየቀችኝ ጥያቄ ግን ከዋጋውም ከቁጥሩም በላይ ነው የከበደኝ። "አያቴ ይሠራባቸው የነበሩት ባቡሮች ስንት ስንት ጎማ ነበራቸው?" አለችኝ።

አባቴ የድሬዳዋ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ሠራተኛ ነበር። ድሬዳዋን የቆረቆራት ባቡር ነው፤ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1902 እዚያ ደረሰ፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ለገሃር የምንለው ስም እንኳ የፈረንሳይኛው "ላ ጋር"፣ ጣቢያው ማለት ነው። ሐዲዱ ጠባብ ነው፤ በሁለቱ መካከል ልክ 1 ሜትር። እዚህ ካልጋሪ የሚያልፈው 1435 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ2016 የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመርም እንደዚሁ 1435 ነው። ልጄ ወዲያው ሒሳቡን ሠራችው፤ የአያቷ ባቡር በኤች ኦ መጠን መጫወቻ ቢሆን ሐዲዱ 12 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ጠባብ ሐዲድ ደግሞ ለተራራ ባቡሮች ተብሎ በእርግጥም ይሸጣል።

እኔ የማስታውሰው ከሥራ ሲመለስ የናፍጣ ሽታውን ነው። አንዳንዴ ይዞኝ ሲሄድ ጎማዎቹን በረጅም መዶሻ መታ መታ እያደረገ ሲያልፍ አይቻለሁ። ደህናው ጎማ እንደ ደወል ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ ድፍን ነው። በዓይን ሳያዩ በጆሮ መመርመር። በወጣትነቱ የእንፋሎቶቹን ዘመን ደርሶበታል፤ የኔ ልጅነት ግን የናፍጣ ነበር። ስንት ጎማ ነበራቸው? ቁጥራቸው ስንት ነበር? የትኛውን ይወድ ነበር? አንዱንም ጠይቄው አላውቅም። ካረፈ ይኸው 19 ዓመቱ። በማግስቱ ድሬዳዋ ላሉት ታላቅ እህቴ ደወልኩ። እትዬም የጎማውን ቁጥር አያውቁም፤ ግን "መዶሻው እኮ እኔ ጋ አለ" አሉኝ። እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ጠፍቷል ብዬ ነበር።

እስቲ ወደ ገበያው ልመልሳችሁ። በዚህ ከተማ በየጋራዡና በየልባሽ ሱቁ ሌላም ታገኛላችሁ። ከቆርቆሮ የተሠራ፣ ሥዕሉ ቆርቆሮው ላይ የታተመ፣ በትናንሽ የቆርቆሮ ምላሶች ታጥፎ የተያያዘ ቀላል ባቡር ካያችሁ፣ ብዙ ጊዜ ማርክስ ነው። ድሮ ለሁሉም ሰው ኪስ ተብሎ የተሠራ ርካሽ ዕቃ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ ይልቅ እሱ ደስ ይለኛል። በ1930ዎቹ ካናዲያን ፓሲፊክ የሚል፣ 3000 ቁጥር ያለውም ሠርቷል። በመክፈቻ ቁልፍ የሚጠመዘዝ እንግሊዛዊ ሆርንቢም ያጋጥማል፤ ፍራንክ ሆርንቢ ሊቨርፑል ውስጥ ከ1920 ጀምሮ የሠራው። ሜርክሊን የሚል ካያችሁ ጀርመን ነው፤ የመጫወቻ ሐዲዶችን ስፋት በቁጥር መድበው በ1891 ላይፕዚግ ገበያ ላይ ያቀረቡት እነሱ ናቸው።

ለካልጋሪ ሰው ግን የህልም ዕቃው ሌላ ነው። በ1955 ካናዲያን ፓሲፊክ "ዘ ካናዲያን" የተባለውን ባለ አይዝጌ ብረት የመንገደኛ ባቡር ጀመረ፤ በካልጋሪ አልፎ ቫንኩቨር ይገባ ነበር። በ1957 ላዮኔል የሱን መጫወቻ አወጣ፤ ሎኮሞቲቩ 2373፣ ግራጫና ጥቁር ቀይ፣ ከመንገደኛ ፉርጎዎቹ አንዱ ላይ ባንፍ ፓርክ የሚል ስም ተጽፎበታል። እውነተኛው መንገደኛ ባቡር ከጃንዋሪ 1990 ወዲህ በካልጋሪ አያልፍም። ልጆቻችን እዚህ ተወልደው የሚያውቁት ረጅሙን የጭነት ባቡርና ሲ ትሬይንን ብቻ ነው። ትልቁን ለማየት ሄሪቴጅ ፓርክ ውሰዷቸው፤ በ1949 የተሠራው 5931 ቁጥር ሴልከርክ እዚያ ቆሟል። ጎማ ያስቆጥሩ፤ በአንድ ጎን 1፣ 5፣ 2 ካላገኙ ድገሙ በሏቸው።

ስለ ማጽዳት አሁን አፌን ሞልቼ እናገራለሁ፤ የተማርኩት በራሴ ነውና። ውሃ ውስጥ አትንከሩ፣ ሽቦ አታስነኩ። ደረቅ ለስላሳ ብሩሽ፣ አሮጌ የቀለም ብሩሽም ቢሆን፣ አቧራውን ያነሳል። ጽሑፍና ቁጥር ያለበትን ቦታ ተዉት። እንደገና አትቀቡ። የተቀደደም ቢሆን የመጀመሪያውን ካርቶን አትጣሉ፤ እኛ የእማማን ካርቶን ጠርሙስ ሞልቼበት ሪሳይክል ልኬዋለሁ፣ ይህንንም ለባለቤቴ ገና አልነገርኳትም። ከጦርነቱ በፊት የተሠሩ አንዳንድ የዚንክ ሎኮሞቲቮች ሲፈጠሩ ብረቱ ውስጥ እርሳስ ገብቶባቸው ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ይሰነጠቃሉ፣ ያብጣሉ፣ እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራሉ። እንዲህ ካያችሁ መድኃኒት የለውም፣ አትግዙ። አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ዕቃ አፉ ለሚከት ሕፃን አትስጡ፤ ከነኩም በኋላ እጅ ይታጠብ። ከሁሉም በላይ የድሮውን ትራንስፎርመር ሶኬት ላይ አትሰኩ፤ የገመዱ ላስቲክ ደርቆ ተሰንጥቆ ይሆናል። እኛ ሽማግሌው ጋ አዲስ ያገለገለ ገዛን፤ ከባቡሩ ይልቅ እሱ ተወደደብን።

ሜይ ላይ አንድ እሑድ እማማን ልንጠይቅ ሄድን። ቅያሬ ልብስ የምታክል ክፍል ናት የሰጧቸው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ መስኮት፣ አንድ ክብ ጠረጴዛ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሺህ ዶላር መስሎኝ እንደነበረ፣ ባለቤቴ መልሱላቸው ብላ እኔ እንደተከራከርኩ። ከዚያም ቁጥሩን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩት።

"ወንድሜ ቢያይህ ይገድልህ ነበር" አሉኝ።

"የወንድምዎ ነበር?" አለች ልጄ።

"አባቴ የገዛው ለሱ ነው። ሴት ልጅ በባቡር አትጫወትም ይባል ነበር። እሱ ትምህርት ቤት ሲሄድ ግን እኔ ነበርኩ የማስኬደው።" ቴንደሩን ገለበጡትና ጣታቸውን በተጫረው ፊደል ላይ አሳለፉ። "7 ዓመቴ ነበር። በእናቴ የስፌት መርፌ። ወንድሜ አይቶታል፤ ለማንም ግን አልተናገረም።"

ያኔ ነው ስማቸው በ"ዲ" እንደሚጀምር ያወቅነው። 8 ዓመት ሙሉ በራቸውን ጠርገን፣ ብስኩታቸውን በልተን፣ በቤተሰባቸው ስም ብቻ ነበር የምናውቃቸው። ልጄ ካርቶን ገፋ አድርጋ፣ "እንግዲያው የእርስዎ ነው" አለቻቸው፣ ከንፈሯ እየተንቀጠቀጠ። እሳቸው በ15 ዶላር ሸጫለሁ፣ ሽያጭ ሽያጭ ነው አሉ። ቀጥለውም፣ "ግን እስከ ዛሬ ማንም እያየኝ አስኬጄው አላውቅም" አሉ።

ሐዲዱን ክቧ ጠረጴዛ ላይ ገጠምነው፤ ጠርዙ ላይ ትንሽ ወጣ ስላለ እኔ በሁለት እጄ ደግፌ ቆምኩ። ልጄ ሁለት ጠብታ የጭስ ፈሳሽ ጨመረችና የትራንስፎርመሩን እጀታ ለእማማ ሰጠቻቸው። ባቡሩ አንዴ ተንገጫገጨ፣ ቆመ፣ ከዚያ ሄደ። እየዞረ ነጭ ጭስ ሲተፋ ክፍሉ የተቃጠለ ሻማ ሸተተ። ጭሱን ያየች አንዲት ሠራተኛ ደንግጣ በሩን ከፍታ ገባች። እማማ ዓይናቸውን ከሐዲዱ ሳያነሱ፣ "ጣቢያው ላይ ቁሚ፣ አሁን ይደርሳል" አሏት።